"አንቀጠቀጠው" ስንል ምን ማለታችን ነው?



ባለፈው ረመዳን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከዶርማችን ልጆች አንዱ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባሩ በላብ ርሷል። ስናናግረው የሚመልሰው ከጥያቄያችን ጋር አይገናኝም፤ ፊቱን እንዲታጠብ ብንለምነው ጮኸብን። ይህ ልጅ ሲቆጣ አይተነው አናውቅም። "ይሄ እሱ አይደለም" አለ አንዳችን፣ ወዲያውም አያተል ኩርሲይን መቅራት ጀመረ። ሌሎቻችንም ተከተልን። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀራንበት። ልጁ የስኳር ሕመም እንዳለበትና ኢንሱሊን እንደሚወጋ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። ድምፃችንን ሰምቶ ከጎረቤት ዶርም የመጣ የነርሲንግ ተማሪ ላቡን እንዳየ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ስኳር የት ታስቀምጣላችሁ?" በውሃ በጥብጦ አጠጣው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ ልጁ ዙሪያውን ተመልክቶ "ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ?" አለን።

ቁርኣን በመቅራታችን አልተጸጸትንም። የጸጸተን የሻይ ስኳራችን ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ እያለ ሰበቡን ሳናደርስ መቅረታችን ነው። ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት የተነሳነውም ለዚህ ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ስለዚህ የምናካፍላችሁ በሽታ መመርመርን ሳይሆን በደንብ ማየትንና ያዩትን በትክክል መናገርን ነው።

ችግሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። ቡና አብዝቶ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ "ያንቀጠቅጠኛል" ይላል። ወባ የያዘውም "ያንቀጠቅጠኛል" ይላል። ጠዋት ክንዱ ድንገት ብርግግ እያለ ብርጭቆ የሚጥለውም ሌላ ቃል ስለማያገኝ እንደዚያው ይላል። ክሊኒክ ገብተን ይህችን አንድ ቃል ብቻ ተናግረን ስንወጣ፣ ሐኪሙ ከሦስት የተለያዩ መንገዶች አንዱን በግምት እንዲይዝ እናስገድደዋለን።

በመድረሳ ዐረብኛ ለቀራን ሰዎች ግን ልዩነቱ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ረዕሻ አለ፣ ኢኽቲላጅ አለ፣ ናፊድ አለ። ዐረቦቹ ጃሊኑስ የሚሉት የግሪኩ ሐኪም ጋሌን በእነዚህ ልዩነቶች ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅም የጋሌንን ሥራዎች ወደ ዐረብኛ ካሻገሩት ሰዎች ዋናው ነው። (ሑነይን ክርስቲያን ነበር፤ ሙስሊም ገዢዎች ሥራውን በክብር ይቀበሉት ነበር። ይህ ለሌላ ጊዜ የሚሆን ርዕስ ነው።)

እኛ እዚህ ሦስቱን መንቀጥቀጥ፣ ብርገጋ እና መንዘፍዘፍ እንበላቸው። ሲግናል የተማረ ሰው በቀላሉ ይይዛቸዋል። መንቀጥቀጥ ልክ እንደ ሳይን ሞገድ ነው፤ ወዲያና ወዲህ፣ በእኩል ጊዜ፣ ሳያቋርጥ። ብርገጋ አንድ አጭር ፐልስ ነው፤ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መንዘፍዘፍ ደግሞ ራሱ ስህተት አይደለም፤ ሰውነት ሙቀት ለማምረት ሆን ብሎ የሚያስነሳው ሞተር ነው። ጥያቄው ሞተሩን ማን አስነሳው የሚለው ነው።

መንቀጥቀጥ

መጀመሪያ ልናውቀው የሚገባው ሁላችንም እንደምንንቀጠቀጥ ነው። ጤነኛ እጅ ሲዘረጋ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይርገበገባል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ቡና፣ ጫት፣ የፈተና ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ረሃብ ያጎሉታል። በፈተና ሰሞን እጃችን ቢንቀጠቀጥ በሽታ ፍለጋ ከመሄዳችን በፊት ያለፉትን ሦስት ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፍናቸው ብንጠይቅ ይሻላል።

መንቀጥቀጥን ለመለየት ዋናው ጥያቄ "መቼ?" ነው። እጁ ዐርፎ ሲቀመጥ ነው? አንድ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ሲቆይ ነው? ወይስ ወደ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ? ለዚህ ለእኛ ለሙስሊሞች በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚደጋገም ዕድል አለን። በተሸሁድ ስንቀመጥ እጃችን ጭናችን ላይ ዐርፏል። ለዱዓእ እጃችንን ስናነሳ ተዘርግቶ ይቆያል። ለውዱእ ከጆግ ውሃ ስንቀዳና ወደ አፋችን ስንወስድ ደግሞ በሥራ ላይ ነው። (ሌላውን ሰው በሶላቱ ላይ እየተመለከታችሁ መርምሩ ማለታችን አይደለም። ስለ ራሳችሁ ወይም እናንተን ብሎ ስለ ጠየቃችሁ አባትና እናት ነው የምንናገረው።)

በተሸሁድ ጊዜ ጭን ላይ ያረፈች እጅ ብቻዋን የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት እንክብል የሚያሽከረክሩ ከመሰሉ፣ እጁ ሥራ ሲጀምርም መንቀጥቀጡ ጋብ የሚል ከሆነ፣ ይህ የፓርኪንሰን ሕመም የሚታወቅበት መልክ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው፤ ማለትም ቀስ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ይጀምራል፤ አረማመድ መንቀርፈፍና ጽሑፍ እያነሰ መምጣትም አብረውት ይኖራሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ይህን ሲጽፍ የመንገድ ላይ ሰዎችን አካሄድ ጭምር እየተመለከተ ነበር። ማየት ብቻውን የት እንደሚያደርስ አስቡት።

በተቃራኒው ዐርፋ ደህና የነበረች እጅ የሻይ ብርጭቆ ስታነሳ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በሁለቱም እጅ ከሆነ፣ አባትም አያትም እንዲሁ ከነበሩ፣ ይህ በቤተሰብ የሚወረድና ከፓርኪንሰን የተለየ የመንቀጥቀጥ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ አባታችን መስጂድ ውስጥ ሻይ ሲቀርብላቸው "አልጠማኝም" የሚሉት እጃቸው አሳፍሯቸው ሊሆን እንደሚችል ያሰበ ስንታችን ነን? ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ መሙላት ብዙ ያግዛል።

ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ወጣት ግን ከእነዚህ ይልቅ የሚቀርበው የመድኃኒትና የሆርሞን መንቀጥቀጥ ነው። አስም ያለባት እህት ሳልቡታሞል ከነፋች በኋላ ጣቶቿ ቢንቀጠቀጡና ልቧ ቢመታ መድኃኒቱ የሚያመጣው የታወቀ ነገር ነው፤ ቆይቶ ይለቃል። ደጋግማ መንፋት ካስፈለጋት ግን ችግሩ እጇ ሳይሆን አስሟ ከቁጥጥር መውጣቱ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌትም ሆነ ሊቲየም እጅ ያንቀጠቅጣሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡ ድንገት ከበረታና ትውከት ወይም መንገዳገድ ከተጨመረ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ ስስና ፈጣን መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ሌላው ጋቢ ሲደርብ እሱ ይሞቀዋል፣ ልቡ ይሮጣል። የተዘረጉ ጣቶች ላይ አንድ ወረቀት ብታስቀምጡ ዓይን የማያየውን መርገብገብ ወረቀቱ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ዶርማችን ልጅ እንመለስ። የደም ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይረጫል፤ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱና ረሃቡ የሚመጡት ከዚያ ነው። ስኳሩ የበለጠ ሲወርድ አንጎል ራሱ ይራባል፤ ያኔ ግራ መጋባት፣ ቁጣና የማይገናኝ ንግግር ይከተላል። እኛ "ይሄ እሱ አይደለም" ያልነው ይህንን ነበር። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች የሆነ ስኳር ሕክምና ይፈልጋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ከግማሽ ብርጭቆ በለጥ ያለ ለስላሳ (ስኳር አልባው አይጠቅምም)፣ ከዚያ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና መለካት፤ ካልተነሳ መድገም። መለኪያ ከሌለ መለኪያ ፍለጋ አይዋልም፤ ስኳሩ ይሰጣል። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ለብዙ ዓመታት ስኳር የኖረበት ሰው ማስጠንቀቂያው ሊጠፋበት ይችላል፤ ሳይንቀጠቀጥ በቀጥታ ግራ ይጋባል። ሁለተኛው ፕሮፕራኖሎል የሚባለው እንክብል ነው። መንቀጥቀጥን ስለሚያስታግስ ለአንዳንዱ ይታዘዛል፤ ነገር ግን የስኳር መውረድን መንቀጥቀጥ ይሸፍናል፣ አስም ያለበትንም ሰው መተንፈሻ ሊዘጋበት ይችላል። ፕሬዘንቴሽን አለብኝ ብላችሁ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ብርገጋ

እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ከገደል የወደቅን መስሎን ብርግግ የምንለው ነገር ብርገጋ ነው፤ ጤነኛ ነው። ስቅታም የዚሁ ዘመድ ነው፣ በድያፍራም ላይ የሚሆን። ስለዚህ ብርገጋ ሁሉ በሽታ አይደለም።

ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ሌላ ነው። ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ አካባቢ የሚጀምር አንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። ምልክቱ ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሱ ሰዓት ክንዶች ኤሌክትሪክ እንደነካቸው ድንገት ብርግግ ማለታቸው ነው። ልጁ ራሱን አይስትም፤ ያወራል፣ ያስባል። የውዱእ ጆጉ ግን ከእጁ ይወድቃል። ጓደኞቹ ዝርክርክ ይሉታል፣ ወይም ለፈጅር በተነሳ ቁጥር ስለሚሆንበት "ሸይጧን ከሶላት ሊያግደው ነው" ይላሉ። ለፈጅር በተነሳ ጊዜ የሚሆንበት ምክንያት ግን እንቅልፍ በማጣትና ከእንቅልፍ በመነሳት ስለሚቀሰቀስ ነው። ረመዳን ላይ ተራዊሕ፣ ሱሑርና ፈጅር ሌሊቱን ሲከፋፍሉት ይብስበታል። ብዙዎቹ ይህን ብርገጋ ለማንም አይነግሩም፤ ሐኪም ጋር የሚደርሱት አንድ ቀን ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሲንፈራገጡ ነው። ያኔም ቢሆን ስለ ጠዋቱ ብርገጋ ካልተናገሩ ችግር አለ፤ እንደ ካርባማዜፒን ያሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ይህን ዓይነቱን ሊያባብሱት ይችላሉ። "ጠዋት ጠዋት ዕቃ ይወድቅብኛል" የሚለው ተራ የሚመስል ቃል የሚታዘዘውን መድኃኒት ይለውጣል። መድኃኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰውም ወደ ኢፍጧርና ሱሑር የሚያዛውረው ሐኪሙን ጠይቆ እንጂ በራሱ ፈቃድ አይደለም።

ሰውየው ወድቆ የሚንፈራገጥ ከሆነ በጎኑ አዙሩት፣ ራሱን ከሚመታው ነገር አርቁለት፣ ሰዓት ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይፈይድም፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ጥርስ ይሰብራል።

ብርገጋ ተገልብጦ የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ ጡንቻ ድንገት በመኮማተር ፋንታ ለቅጽበት ኃይሉን ይለቃል። ትራፊክ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም እንደሚያደርገው ክንድን ዘርግቶ አንጓውን ወደ ኋላ አጥፎ ጣትን በትኖ ግማሽ ደቂቃ መያዝ ነው። የታመመው ሰው እጅ በየመሐሉ ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ይነሳል፤ ክንፍ እንደሚያራግብ ወፍ። አዳምስና ፎሊ የተባሉ ሐኪሞች በ1949 እ.ኤ.አ. በጉበት ሕሙማን ላይ የገለጹት ምልክት ነው፤ በኩላሊት መድከምና በአንዳንድ መድኃኒቶች መከማቸትም ይመጣል። ቤት ውስጥ በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ የተጎዳ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ዘመድ ያላችሁ ይህን አስታውሱ። ከርቀት ሲያዩት መንቀጥቀጥ ይመስላል። ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሌሊት የሚነቃ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ከሆነ ደግሞ እስከ ቀጠሮው ቀን አይጠበቅም። ለሕመም ማስታገሻ ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት በገዛ እጃችሁ ለኩላሊት ሕመምተኛ ምንም አትግዙ፤ የደከመ ኩላሊት ማስወጣት የማይችለው መድኃኒት ራሱ ብርገጋ ያመጣል።

መንዘፍዘፍ

የሙቀት መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንጎላችን ውስጥ ሰውነትን በ37 ዲግሪ አካባቢ የሚይዝ መቆጣጠሪያ አለ። ኢንፌክሽን ሲገባ የተቀመጠው ነጥብ ወደ 39 ከፍ ይላል። ሰውነቱ ገና 37 ላይ ስለሆነ መቆጣጠሪያው "በርዶናል" ብሎ ይፈርዳል፤ ቆዳ ይሸበሸባል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ጡንቻዎች ሙቀት ለማምረት ይንዘፈዘፋሉ። ስለዚህ ጋቢ ደርቦ የሚንዘፈዘፍ ሰው እጁን ስትዳስሱት ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ቴርሞሜትር ሲገባ ግን ሙቀቱ ሽቅብ እየወጣ ነው። በእጅ ዳስሶ "ትኩሳት የለውም" ማለት እዚህ ላይ ያሳስታል።

ከስኳር መውረድ የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው እየተንቀጠቀጠ ያልበዋል። የሚንዘፈዘፈው መጀመሪያ ይበርደዋል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ ላቡ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው።

ከቆላ የመጣን ልጆች ወባን እናውቀዋለን ብለን እንኮራለን። አገራችን ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንክሻ ይነሳል። ደጋ ካምፓስ ላይ ሆናችሁ "እዚህ ወባ የለም" አትበሉ፤ ለሐኪሙ የቤተሰባችሁን አካባቢ ንገሩት። የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ለብቻው የሚታዘዝና እስከ መጨረሻው የሚወሰድ ነው።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሲንዘፈዘፍ ከሌላው ሰው ይልቅ መቸኮል ያስፈልጋል። ዲያሊሲስ የሚደረግለትና ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ካቴተር ያለው ሰው በማሽኑ ላይ እያለ ወይም ከዚያ በኋላ ቢያንዘፈዝፈው፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ለነርሷ ወዲያው ይነገራል። የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ፤ ከጀርባ ሕመምና ከሽንት ማቃጠል ጋር ከሆነ ኩላሊቱ ጋር የደረሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ስለ ጂን፣ ስለ ጾምና ስለ ሶላት

ጂን የለም፣ ሩቅያ አይጠቅምም አላልንም። ኢብኑል ቀይዪም ሰዎችን የሚጥለውን ሕመም ሲጽፉ ከመንፈስ የሆነ እና ከሰውነት የሆነ ብለው ሁለት አድርገው ከፍለውታል፤ ሁለተኛውን ሐኪሞች የሚያክሙት መሆኑን ተቀብለዋል። እሳቸው የለዩትን እኛ ደባልቀነው ሁሉንም ወደ አንድ በር ብንወስድ ዲናችን አይደለም ያዘዘን። ስኳሩን እያጠጡ መቅራት ይቻላል። ወደ ክሊኒክ እየወሰዱ መቅራትም ይቻላል።

ጾምን በተመለከተ ቁርኣን ለበሽተኛ የሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው። የስኳር ሕክምና ባለሙያዎች ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ ጾሙ እንዲፈታ ያዛሉ፤ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያበላሽ ዑለማዎች ተናግረዋል። ዶርማችን ውስጥ ያለው ወንድማችን በዚያ ቀን ሳይለካ የዋለው ያበላሽብኛል ብሎ እንደነበር በኋላ ነገረን። ይህን ከእኛ አንዱ ቀድሞ ቢነግረው ኖሮ!

መንቀጥቀጡ ካልገባን በሞባይል መቅረጽ ለሐኪም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ክሊኒክ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛልና። ሰዓቱን፣ ከእንቅልፍ ወይም ከምግብ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ አንድ ወገን ወይስ ሁለቱም እንደሆነ፣ ላብና ትኩሳት መኖሩን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አብራችሁ ጻፉ። ነገር ግን ከሰውየው ፈቃድ ጋር፣ ሰውነቱን ሸፍናችሁ፤ ቴሌግራም ላይም አይውጣ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ያ የሚጥል ሕመም የነበረባት ሴት ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስትመጣ፣ ሕመሟን ከተቀበለችው በኋላ እንኳ የለመነችው ስትወድቅ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ዱዓእ እንዲያደርጉላት ነበር።

አንዲት እህት ደግሞ ይህን እያዘጋጀን ሳለ ጥያቄ ላከችልን፤ በተሸሁድ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሶላቷ ይበላሽ እንደሆነ። በሻፊዒይ ፊቅህ ተከታታይ ሦስት እንቅስቃሴ ሶላት እንደሚያበላሽ ስለተማረች እየደጋገመች ትሰግድ ኖሯል። የመዝሀቡ ዑለማዎች ያን የተናገሩት ሰው በፈቃዱ ስለሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው፤ ሕመም አስገድዶት ከቁጥጥሩ ውጭ የሚንቀሳቀስ ሰው ዑዝር አለው፣ ሶላቱም አይበላሽም። መድገም የለባትም። የእንቅርት ዕጢዋን ግን ትመርመር ብለናታል።

ወላሁ አዕለም።